የራስን ድምፅ ቀንሶ የሌላውን መስማት

ከላሊበላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ገደል ሥር የተሠራው የነአኩቶ ለአብ ገዳም የሚገኝበት የላስታ ደጋ ለስልክ ማማ አይመችም። አቡነ ዮሴፍ ብቻውን ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ አንዱ ሸንተረር ሌላውን ይጋርዳል። ሳተላይት ግን ተራራ አያግደውም። አካባቢው ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚርቅ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ የሚቆም ሳተላይት ከአናት ብዙም ሳይርቅ ሊታይ ይችላል።

ኢትዮጵያ ወደ ሳተላይት ግንኙነት የገባችው በ1971 ዓ.ም በሱሉልታ ጣቢያ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ አገልግሎቱ ወደ ገጠር ወረደ፦ ወረዳኔት መሥሪያ ቤቶችን፣ «ፕላዝማ» ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አገናኘ። የፕላዝማው መምህር ግን ተማሪ እጁን ቢያወጣ አያይም፣ ቢጠይቅ አይሰማም። ትምህርቱ ይወርዳል፤ ጥያቄው አይወጣም።

አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። አንድ ሥርጭት ለሁሉም ይበቃል። መልስ ለመስጠት ግን እያንዳንዱ ጣቢያ ማስተላለፊያና የራሱ ፍሪኩዌንሲ ያስፈልገዋል፤ እሱም በውጭ ምንዛሪ የሚከራይ ነው። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቢናገሩ ሳተላይቱ ደባልቆ ይመልሰዋል። እያንዳንዱ ከሩብ ሰከንድ በኋላ የራሱን ጩኸት መልሶ ይሰማል፤ የሌላው ድምፅ በዚያ ይዋጣል።

መፍትሔው በአሜሪካ መሐንዲሶች እጅ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ነው። መነሻው በ1960ዎቹ የስልክን የገደል ማሚቶ ለማጥፋት የተቀመረው ሐሳብ ነበር፦ ተናጋሪ የተናገረውን ያውቀዋል። ጣቢያው የላከውን ቅጂ ያስቀምጣል፤ በመንገድ የፈጀውን ጊዜና የደከመበትን መጠን ለክቶ ቅጂውን ያስተካክላል፤ ከዚያ ከደረሰው ድብልቅ ላይ ይቀንሰዋል። የሚተርፈው የሌላው ድምፅ ነው። ቅነሳው ፍጹም አይደለም፣ ትንሽ ርዝራዥ ይቀራል። ሆኖም የሁለቱ ጣቢያዎች ጉልበት ሲቀራረብ የሚከራየው ፍሪኩዌንሲ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትም ስልክም ጠፋ። በ2015 ዓ.ም ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ሁለቱም ጊዜ የጎደለው ፍሪኩዌንሲ አልነበረም። የራስን ድምፅ ቀንሶ ሌላውን መስማት እንደሚቻል ከታወቀ ወዲህ የላስታ ዝምታ በተራራም በርቀትም አይመካኝም። የሚቀረው ጥያቄ ከላይ የሚናገረው ወገን መስማት ይፈልጋል ወይ የሚለው ነው።