የጠረጴዛ ክብ መጋዝ ጥገናና ጽዳት የሚጠይቃቸው የደህንነት ጥንቃቄዎች

በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት፣ በመንግሥት ድርጅቶች የእንጨት ሥራ ክፍሎችና በቤት ዕቃ ማምረቻዎች በስፋት አገልግሎት ከሚሰጡ መሣሪያዎች መካከል በተለምዶ "ሰርኩላር" የሚባለው የጠረጴዛ ክብ መጋዝ አንዱ ነው። ማሽኑ እንጨት በሚሰነጥቅበት ጊዜ የሚያስከትለው አደጋ በሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነው። በጽዳትና በጥገና ወቅት ግን መከለያው የሚነሳና የሠራተኛው እጅ ከስለቱ አጠገብ የሚውል በመሆኑ፣ ቆሞ የሚታየው ማሽን በድንገት ቢነሳ ጣት ወይም እጅ ሊያሳጣ ይችላል።

ኃይል ማቋረጥ

ማንኛውም ጥገና የሚጀምረው ኃይልን ከምንጩ በማቋረጥ ነው። የማሽኑን ማጥፊያ መጫን ብቻውን በቂ አይደለም። ሶኬት ያለው ማሽን ይነቀላል፤ በቀጥታ ከመስመር ጋር የተገናኘ ባለ ሦስት ፌዝ ማሽን ደግሞ ብሬከሩ ወርዶ በቁልፍ ይዘጋል። ቁልፉ ጥገናውን በሚያከናውነው ሠራተኛ ኪስ መቆየት ይኖርበታል። ዲስኩ መዞሩን ሙሉ በሙሉ ካቆመ በኋላ ማብሪያው ተጭኖ ማሽኑ አለመነሳቱ ይረጋገጣል።

መብራት በተቋረጠበት ሰዓት "ኃይል የለም" በሚል ማሽኑን ማጽዳት በተለይ አደገኛ ነው። ማብሪያው እንደበራ ከተተወ ኃይሉ ሲመለስ ዲስኩ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊነሳ ይችላል። በመሆኑም ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማብሪያው እንደገና ካልተጫነ በስተቀር ማሽኑን የማያስነሳ መቆጣጠሪያ መግጠም ተገቢ ነው።

የሰጋቱራ አወጋገድ

በማሽኑ ውስጥ የሚጠራቀም ሰጋቱራ ሞተሩ እንዲግል ያደርጋል፤ ለእሳትም መነሻ ይሆናል። በአየር ላይ የተበተነ ደቃቅ የእንጨት ብናኝ በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት አስታውቋል። ስለሆነም ብናኙን በኮምፕረሰር አየር ከመበተን ይልቅ በመምጠጫ ማሽንና በብሩሽ ማንሳት፣ ሠራተኛውም የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና የዓይን መከላከያ መነጽር እንዲጠቀም ማድረግ ያስፈልጋል።

የዲስኩ ጽዳትና ፍተሻ

እንደ ጽድ ያሉ እንጨቶች የሚያወጡት ሙጫ በጥርሶቹ ላይ ሲጋገር ዲስኩ ይግላል፤ እንጨቱንም ያቃጥላል። ሠራተኛው በኃይል ለመግፋት ስለሚገደድ እጁ የመንሸራተት ዕድሉ ይጨምራል። ዲስኩ በእንጨት ታግዶ ዳዶው በተገቢው መፍቻ ከተፈታ በኋላ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ተዘፍዝፎ በፕላስቲክ ብሩሽ ይታጠባል፤ ወዲያውኑም ይደርቃል። ካርባይድ ጥርስ ባላቸው ዲስኮች ላይ ኮስቲክ ሶዳ መጠቀም አይመከርም። ዲስክ ሲፈታና ሲገጠም ወፍራም ጓንት ይደረጋል፤ ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ግን ጓንት በዲስኩ ተይዞ እጅን ሊጎትት ስለሚችል መውለቅ አለበት።

የተሰነጠቀ፣ የጎበጠ ወይም ጥርሱ የወለቀ ዲስክ ከአገልግሎት ውጭ መሆን አለበት። በአዲስ ዲስክ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የፍጥነት ልክ ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም። ሲገጠምም በሠራተኛው በኩል ያሉት ጥርሶች ወደ ታች የሚዞሩ መሆናቸው ይታያል።

ማስተካከልና መልሶ መግጠም

የእንጨት መምሪያው ብረት ከዲስኩ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። በኋላ በኩል ከጠበበ እንጨቱ ተጨናንቆ በኃይል ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ይህንኑ ለመከላከል ከዲስኩ ኋላ የሚቆመው ከፋች ብረት ከጥርሶቹ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ይታሰራል፤ ውፍረቱም ከዲስኩ አካል የበለጠ፣ መጋዙ ከሚከፍተው ስንጥቅ ያነሰ ይሆናል። ቺንጊያውና ኩሽኔታው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይፈተሻሉ። ብናኝ የሚሰበስብ ዘይት ዲስኩን ከፍና ዝቅ በሚያደርጉት ጥርሶች ላይ ከማፍሰስ ይልቅ ደረቅ ማለስለሻ መጠቀም ይመረጣል። ኃይል ከመመለሱ በፊት መከለያው በቦታው መገጠሙና መፍቻዎች ከጠረጴዛው ላይ መነሳታቸው ይረጋገጣል።

የኃላፊዎች ድርሻ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኞች ስለሥራው አደጋና ስለሚወሰደው ጥንቃቄ እንዲያውቁ የማድረግና የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ሠራተኛውም መከላከያዎቹን በአግባቡ የመጠቀምና ያየውን ብልሽት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በመሆኑም የክፍል ኃላፊዎች የብሬከር መቆለፊያ እንዲሟላ፣ ለጽዳት ከምርት ሰዓት ውጭ የተወሰነ ጊዜ እንዲመደብና እያንዳንዱ ጥገና ቀኑና ያከናወነው ሠራተኛ ስም ተጠቅሶ በመዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ጽዳቱ በጥድፊያ እንዲጠናቀቅ የሚሰጥ ትዕዛዝ ሠራተኛውን ኃይል ሳያቋርጥ እጁን ወደ ስለቱ እንዲያስገባ የሚገፋፋ በመሆኑ ሊታረም ይገባል።