ጠፍ ያልነበረው መሬት

የሽያጭ ውሉ የተዘጋጀው ሻጮቹ ሳይታወቁ ነው። ጆን ባትማን ከታዝማንያ ደሴት ተነሥቶ ባሕሩን ሲሻገር፣ የሕግ ባለሙያው ጆሴፍ ጌሊብራንድ በጥንቱ የእንግሊዝ የርስት ዝውውር ሥርዓት ያሰናዳው ሰነድ በጓዙ ውስጥ ነበር። የቀረው ስም መሙላት ብቻ ነው። ስሙም ጁን 6 ቀን 1835 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ የሜልበርን ከተማ በተንጣለለችበት ምድር፣ በአንድ ጅረት ዳር ተሞላ። የዚያ ምድር ነባር ሕዝብ የሆኑት ስምንት የኩሊን ሽማግሌዎች በወረቀቱ ላይ ምልክታቸውን አኖሩ ተባለ። ባትማንም 600,000 ኤከር ገደማ፣ ማለትም ወደ 240,000 ሄክታር መሬት፣ የእኔና የሸሪኮቼ ሆነ ብሎ ተመለሰ።

ዋጋው ብርድ ልብስ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ መቀስ፣ መስታወት፣ መሐረብ፣ ሸሚዝና ዱቄት ነበር። በየዓመቱም ይህንኑ የመሰለ ዕቃ እንደ ግብር ሊሰጣቸው ቃል ገባ። ባትማን እዚያው አውስትራሊያ የተወለደ በግ አርቢ ነው። በታዝማንያ ነባር ሕዝብ ላይ በተካሄደው አደን ታጣቂዎችን መርቶ ዘምቷል። አሁን ደግሞ የደሴቲቱ ግጦሽ ለእነ ባትማን በግ አልበቃ ስላለ፣ ከባሕሩ ማዶ ያለውን ለምለም ሜዳ ተመኙ። በዚህም የተነሣ ፖርት ፊሊፕ ማኅበር የሚባል የባለሀብቶች ሽርክና አቋቁመው ነበር።

ገዢው ገዛሁ ሲል ሻጮቹ ምን ያደረጉ መስሏቸው ይሆን? ባትማን ያስከተላቸው አስተርጓሚዎች ከሲድኒ አካባቢ የመጡ አቦርጂናል ሰዎች ነበሩ፤ የእነርሱ ቋንቋና የኩሊኖች ቋንቋ ደግሞ ለየቅል ነው። ስለ ርስት ዝውውር የሚያትት የእንግሊዝኛ የሕግ ሰነድ በዚያ ዓይነት ትርጉም፣ ያውም በአንድ ቀን፣ ገባቸው ማለት ያስቸግራል። ኩሊኖች ግን ለእንዲህ ያለው ቀን የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው፤ ታንደረም ይባላል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው በምድራቸው ሊያልፍ፣ ሊያድን፣ ውኃቸውን ሊጠጣ ሲሻ ባለአገሮቹ በክብር ይቀበሉታል። እንግዳው እስከሚሄድ ድረስ ጥበቃ አለው፤ እርሱም በፈንታው የአገሩን ሕግ ያከብራል። ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ሽማግሌዎቹ በዚያ ቀን ያደረጉት ይህንኑ መስተንግዶ ነው ይላሉ። የእንግሊዝ ሥርዓት በበኩሉ እፍኝ አፈር አንሥቶ ማስጨበጥን ርስትን ለዘለዓለም እንደ መልቀቅ ይቆጥረዋል። በአንድ ጅረት ዳር ሁለት ሕግ ተገናኝቶ፣ አንዱ እንግዳ ተቀበለ፣ ሌላው ርስት ገዛ።

ከእስር አምልጦ ከ30 ዓመት በላይ ከዋታውሮንግ ሕዝብ ጋር የኖረው እንግሊዛዊው ዊልያም በክሊም ነገሩን አላመነም። በዚያ አገር መሬትን ብቻውን አዝዞበት ሊሸጥ የሚችል አለቃ አላየሁም ባይ ነው።

ውሉን ያፈረሰው ምክንያት

የባትማን ውል ሦስት ወር አልሞላውም። ኦገስት 26 ቀን 1835 በሲድኒ የተቀመጠው ገዥ ሰር ሪቻርድ ቡርክ፣ ከነባሩ ሕዝብ ጋር የተደረገ ማንኛውም የመሬት ውል በዘውዱ መብት ላይ ውድቅ ነው ሲል አዋጅ አስነገረ። ያለ ዘውዱ ፈቃድ በዚያ የሰፈረም ሁሉ በሰው ይዞታ እንደ ገባ ሰው ይቆጠራል አለ።

አዋጁ ባትማን አታልሏል አላለም። ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም፣ ዋጋው አንሷል፣ ምልክቶቹ ያጠራጥራሉም አላለም። አዋጁ መሬቱን የጠራው በዘውዱ እጅ ያለ ባዶ መሬት ብሎ ነው። በእኛ አነጋገር ጠፍ መሬት እንደ ማለት ነው፤ ጠፍን ደግሞ የሚሸጥ የለም። የባትማን ጥፋት ርካሽ መግዛቱ ሳይሆን ከእነርሱ መግዛቱ ሆነ። ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢጣመም አንድ እውነት ይዟልና፤ ሻጭ ካለ ባለቤት አለ ማለት ነው። ለእንግሊዝ ዘውድ አደገኛው ይህ ነበር። አንዱ ጅረት ላይ ባለቤት አለ ከተባለ፣ ከ1788 ጀምሮ ያለ ውል የተያዘው የሲድኒ መሬትስ የማን ሊባል ነው?

ሕግ ተላለፉ የተባሉት ሰፋሪዎች ግን አልተነቀሉም። በዓመቱ ሰፈራው ተፈቀደ፤ በ1837 ቡርክ ራሱ መንደሪቱን ሜልበርን ብሎ ሰየማት። ማኅበሩም ለድካሙ ተብሎ ከመሬት ግዢው 7,000 ፓውንድ ተቀነሰለት። ካሳ ያላየው ወገን ኩሊኖች ብቻ ናቸው። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 1840፣ ያው ዘውድ በኒውዚላንድ ከማኦሪ አለቆች ጋር የዋይታንጊን ውል ተፈራረመ። በአውስትራሊያ ግን ጠፍ ነው የተባለው ጠፍ እንደ ተባለ ቀረ።

በጅረቱ ዳር የነበረው ልጅ

ባትማን ሽማግሌዎቹን ሲያነጋግር ከተመለከቱት መካከል አንድ ልጅ ነበር፤ ስሙ ባራክ ይባላል። ምልክት አኖሩ ከተባሉት አንዱ የሆነው የቢሊቤላሪ የወንድም ልጅ ነው። ባራክ ሲያድግ ከቢሊቤላሪ ልጅ ከሳይመን ዎንጋ ጋር ሆኖ የተረፈውን ወገን ማሰባሰብ ያዘ። በ1863 ሕዝባቸውን ተራራውን አሻግረው ከሜልበርን ሰሜን ምሥራቅ፣ ሂልስቪል አጠገብ፣ ኮራንደርክ በተባለ ቦታ አሰፈሩ። በዚያው ዓመት በንግሥት ቪክቶሪያ የልደት በዓል ለዘመኑ ገዥ ስጦታ ይዘው ቀርበው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቦታው ሲከለልላቸው ንግሥቲቱ ራሷ ሰጠችን ብለው አመኑ። ይህም በልባቸው የተጻፈ ሁለተኛ ውል መሆኑ ነው።

ኮራንደርክ ለማ። ቤት ተሠራ፣ እርሻ ተከፈተ፤ እንደ ጌሾ ለቢራ የሚሆን ሆፕስ አምርተው በሜልበርን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሽልማት አገኙ። መሬቱ ሲለማ ግን ጎረቤት ዓይኑን ጣለበት፤ የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ የያዘው የመንግሥት ቦርድም ሊያፈናቅላቸው ተነሣ። ባራክና ጓደኞቹ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጉዘው ሜልበርን ገቡ፤ ሚኒስትር ደጅ ጠኑ፣ አቤቱታ ጻፉ፣ ጋዜጣ ላይ ተከራከሩ። በ1881 መርማሪ ቡድን ተቋቁሞ ቃላቸው ተሰማ፤ ለጊዜውም መሬቱ ተረፈ። ዳሩ ግን በ1886 የወጣው ሕግ ከነጭ የተወለዱትን ጎልማሶች ከሠፈሩ አስወጣ፤ እርሻውም ጉልበት አጣ። ባራክ በ1903 ሞተ። ኮራንደርክ በ1924 ተዘጋ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሬቱ ለተመላሽ ወታደሮች ማስፈሪያ ሆነ።

በፉትስክሬይ የኖረው አዛውንት

የሜልበርን ኢትዮጵያውያን ፉትስክሬይን እንደ ሠፈራቸው ያውቋታል፤ እንጀራውም ቡናውም እዚያ አለ። በ1930ዎቹ በዚያች ሠፈር ዊልያም ኩፐር የሚባል የዮርታ ዮርታ ሕዝብ ተወላጅ ይኖር ነበር። በ70ዎቹ ዕድሜው የአውስትራሊያ አቦርጂኖች ሊግን መርቶ፣ ሕዝባቸው በፓርላማ ወኪል ያግኝ የሚል አቤቱታ 1,814 ሰው አስፈርሞ ለንጉሥ ጆርጅ እንዲደርስለት ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጠ። መንግሥት ለንጉሡ ሳያስተላልፈው ቀረ። ያው ሰው በዲሴምበር 1938 በጀርመን አይሁዶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ የሚቃወም ደብዳቤ ይዞ ወደ ጀርመን ቆንስላ ሄደ። የገዛ አገሩ ሰው አድርጋ ያልቆጠረችው ሽማግሌ ስለ ሌላው ሕዝብ ጮኸ።

የጠፉ ጉዳይ በፍርድ ቤት የተዘጋው በጁን 1992 ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኤዲ ማቦ መዝገብ፣ አውስትራሊያ ባለቤት አልነበራትም የሚለው ትምህርት ስህተት ነው ሲል ወሰነ። ከሳሹ ማቦ ፍርዱን ሳያይ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ሞቷል። ይሁን እንጂ የኩፐር ወገኖች ይህን ፍርድ ይዘው ለመሬታቸው ሲከራከሩ፣ በ1998 ዳኛው የታሪክ ማዕበል መብታችሁን ጠርጎ ወስዶታል አሏቸው። በ2002 ከፍተኛው ፍርድ ቤትም አጸናው። ባለቤት እንደነበሩ ታመነላቸው፤ ዛሬም ባለቤት መሆናቸውን ግን ተነፈጉ። ፍርድ ቤት ያልሰጠውን በድርድር ማግኘት አለብን የሚለው አሳብ ሜልበርን በምትገኝበት በቪክቶሪያ ግዛት ሥር የሰደደው ከዚህ በኋላ ነው። የፌዴራሉ መንገድማ ቀድሞ ተሞክሯል። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ በ1988 በባሩንጋ ውል እንፈራረማለን ብለው ቃል ገብተው፣ ሳይፈጽሙት ከሥልጣን ወርደዋል።

ከጠረጴዛው ማዶ

ነገሩ መልክ የያዘው በ2016 ነው። የቪክቶሪያ መንግሥት ነባር ሕዝቦች በሕገ መንግሥት መጠቀስን እንዴት እንደሚያዩት ሊጠይቅ ስብሰባ ሲጠራ፣ ተሰብሳቢዎቹ የምንፈልገው ውል ነው አሉ። በ2018 በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው የውል ሂደት ሕግ ጸደቀ። በ2019 ነባር ሕዝቦች የራሳቸውን ጉባኤ መረጡ፤ ጉባኤውም በዲሴምበር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው በቪክቶሪያ ፓርላማ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ቀጥሎ በ2021 ዩሩክ የተባለ የፍትሕ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ቃሉ በዌምባ ዌምባ ቋንቋ እውነት ማለት ነው። ኮሚሽኑ ከአራት ዓመት ምርመራ በኋላ በቪክቶሪያ የተፈጸመውን ዘር ማጥፋት ብሎ ጠራው።

አካሄዱ ከባትማን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይታያል። ባትማን ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ፈራሚ ፈለገ። በዚህኛው ግን መጀመሪያ ማን ነው የሚናገርልን የሚለው በምርጫ ተለየ፤ ከዚያ የድርድሩ ደንብ ወጣ፤ ከዚያ ገለልተኛ ሸምጋይ አካል ቆመ፤ ይዘቱ ላይ መነጋገር የተጀመረው በኖቬምበር 2024 ነው። መሐል ላይ ነፋሱም ተለውጧል። በኦክቶበር 2023 የነባር ሕዝቦች ድምፅ በፌዴራል ሕገ መንግሥት ይግባ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ወደቀ፤ በቪክቶሪያም አብላጫው እምቢ አለ። ቀድሞ የደገፈው የግዛቲቱ ተቃዋሚ ጥምረትም በ2024 መጀመሪያ ድጋፉን አነሣ። በኩዊንስላንድ መንግሥት ሲለወጥ የዚያው ግዛት የውል ሕግ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሻረ።

ቪክቶሪያ ግን ገፋችበት። ኦክቶበር 30 ቀን 2025 የውሉ ሕግ በላይኛው ምክር ቤት አለፈ፤ በኖቬምበርም ውሉ ተፈረመ። በሕጉ ገሉንግ ዋርል የሚባል ቋሚ አካል ይቆማል፤ በጉናይኩርናይ ቋንቋ የጦር ጫፍ ማለት ነው። በውስጡ ተመራጩ ጉባኤ፣ መንግሥት ቃሉን መጠበቁን የሚከታተል ክፍልና የእውነት ምስክርነትን የሚቀጥል ክፍል አሉበት። መንግሥት ነባር ሕዝቦችን በሚነካ ጉዳይ ጉባኤውን ያማክራል። ጉባኤው ግን ሕግ የማገድ ሥልጣን የለውም፤ ውሉም ለግለሰብ ካሳ አይሰጥም። በአጭሩ መሬት አልተሸጠበትም፣ አልተገዛበትም። የተፈረመው ጉዳይ በገዛ ነገራቸው ላይ የመናገር መብት ነው። ለአንዳንዱ ይህ የበዛ ልዩ መብት ነው፤ ለሌላው ደግሞ ፓርላማው ራሱ በሠራው ሕግ ላይ የቆመ ስለሆነ ያነሰ ነው።

ይሻር ይሆን?

ተቃዋሚው ጥምረት በኖቬምበር 2026 ምርጫ ካሸነፈ በ100 ቀን ውስጥ ሕጉን እንደሚሽር ተናግሯል። የጸደቀው በተራ ሕግ ነውና በተራ ሕግ ሊሻር ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ውል እንደ ባትማን ውል ዕድሜው ቢያጥር የሚገርም አይሆንም።

ስሞች ግን ተለውጠዋል። በሰሜን ሜልበርን ለዘመናት ባትማን ይባል የነበረው የፌዴራል የምርጫ ክልል ከ2019 ምርጫ ጀምሮ ኩፐር ይባላል፤ አቤቱታው ንጉሥ ዘንድ ሳይደርስ በቀረው የፉትስክሬይ አዛውንት ስም መሆኑ ነው። የመሻሩም ሥርዓት ተለውጧል። ገዥው ቡርክ አንድ አዋጅ ፈርሞ ነገሩን ሲዘጋ፣ መሬቱ ባለቤት የለውም ከማለት ሌላ ምክንያት አላስፈለገውም፤ ኩሊኖችንም የጠየቀ አልነበረም። ያ ምክንያት ዛሬ የለም፤ ፍርድ ቤትም፣ ፓርላማም፣ ኮሚሽንም በየተራ አፍርሰውታል። ከእንግዲህ ይህን ውል የሚሽር መንግሥት ቆሞ፣ ባለቤቶቹ እያዩት፣ ባለቤት አለ፤ ቃሌን ግን አጥፌአለሁ ማለት ይኖርበታል።