የአልጋ ቁራኛው ከማን ጋር ነው የታሰረው?

ፍኖተ ሰላም ሆነ ቡሬ፣ ሰው ታሞ ወራት ከተኛ «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ይባላል። ቃሉ ግን የሐኪም ቤት አይደለም፤ የችሎት ነው። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ነገሩ ከከበደ ደግሞ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይሄዱ፣ አብረው ያድሩ ነበር። አበዳሪና ባለዕዳም እንዲሁ። በየአውራጃው ወህኒ ባልነበረበት ዘመን ከሳሹ ራሱ ወህኒ ነበር ማለት ነው። ሰንሰለቱ ከችሎት ጠፋ፣ ቃሉ በሽተኛው አልጋ ላይ ቀረ።

«ውርርድ»ም መንገድ ቀይሯል። ዛሬ ቡሬ ላይ አንድ ወጣት ውርርድ ሲል በሐሳቡ የሚመጣው የእንግሊዝ ኳስ ነው። የቅድመ አያቱ ውርርድ ግን በዳኛ ፊት ነበር፦ ተሟጋቹ «ይህን ባላስረዳ» ብሎ ማር፣ ፈረስ ወይም በቅሎ ይወራረዳል፤ ተቃራኒው ይቀበላል፤ የተረታው ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ለረቺው አልነበረም፤ ለዳኛው ነው። ደመወዝ የማይቆረጥለት ዳኛ ከዚሁ ነበር የሚኖረው። እንግዲህ ነገር ቶሎ እንዲበርድ የሚፈልግ ዳኛ ከየት ይመጣል? የድሮውን ፍርድ ሁሉ በናፍቆት የሚያወሩ ሰዎች ይህን አይጠቅሱትም። በላ ልበልሃውን ነው የሚያነሡት፦ ዘንግ ይዞ፣ ኩታውን አጣፍቶ፣ ነገሩን እንደ ግጥም እየሰካካ የሚሟገተውን አንደበተ ርቱዕ። ያማረ ነበር፤ አንደበት ለሌለው ድሃ ግን ችሎቱ ያው ጭንቅ ነበር።

አውጫጭኝም ከዚያው ጓዳ የወጣ ነው። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲታጣ፣ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪወጣ ይቀመጣል። የሚያውቅ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ይጠቁማል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሸዋ አፈርሳታ የሚለው ይህንኑ ነው። ሌባ ሻይ ደግሞ ከሚጠጣው ሻይ ጋር አይዛመድም፤ «ሻይ» እዚህ ላይ የሚሻ፣ የሚፈልግ ማለት ነው። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ስንቱ ንጹሕ ሰው በአንድ ልጅ መሰናከል እንደተቀጣ መገመት አይከብድም።

እነዚህ ቃላት የተበተኑ ናቸው፤ ሰውም አይሞትባቸውም። ጎጃም ውስጥ ሰው የሚሞትበት ቃል ሌላ ነው፦ ርስት።

በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው አላን ሆበን እንዳሳየው፣ ርስት አንድ የታጠረ ማሳ አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት በእናትም ሆነ በአባት እወለዳለሁ የሚል ሁሉ የሚያነሣው የድርሻ ጥያቄ ነው። ሐረጉን ቆጥሮ ማሳመን ይጠበቅበታል። ድርሻ የሚያካፍለው የዘሩ ተጠሪ «ፈጅ» ይባላል፤ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ «ነገረ ፈጅ» የሚባል ሠራተኛ መኖሩን ያስታውሷል። ለዚህ ነው ገበሬው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣበት ጠመንጃ ያነሣው። የግብሩ መጠን ብቻ አይደለም ያስቆጣው። መሬቴ ከተለካ ርስቴ ያበቃለታል ብሎ ነው። ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት ተነሡ፤ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም በመጨረሻ ከቦታቸው ተነሡ።

ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ አርቃቂውም ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። አንቀጽ 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሁሉ ሻረ። በአንድ አንቀጽ! የዳሞት ገበሬ ግን አንቀጹን አልሰማም፤ ሐረጉን መቁጠር ቀጠለ።

ርስትን ከሕግ መጽሐፍ ያወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1989ኙ የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ፣ ደግሞ ሁለት አዳዲስ ቃላት ገበሬው ቤት ገቡ፦ «ቢሮክራት» እና «ቅሪት ፊውዳል»። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር የነበረ ሰው «ቢሮክራት» ተብሎ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ትርፉ ለሌላ ተሰጠ። እርፍ ጨብጦ የሚያድር ሰው ቢሮክራት ሲባል መስማት የሚያስቅ ነበር፤ መሬቱ ባይሄድ ኖሮ። በድሮው ችሎት ቢያንስ ተከራክሮ ነበር ሰው ርስቱን የሚያጣው። እዚህ ግን ስም ብቻ በቃ።

አሁን በምዕራብ ጎጃም ገበሬ እጅ ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ሕጉ መሬቱን መሸጥ ይከለክላል። ወረዳ ፍርድ ቤት የቆመ ሽማግሌ ግን «ርስቴን ተቀማሁ» ይላል፤ ጸሐፊው «ይዞታዬን» ብሎ ይመዘግብለታል። ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ ደግሞ ጸሐፊው ራሱ «ወራሽ» የሚለውን ቃል ይጽፋል፣ የክልሉ ሕግ ይዞታን ማውረስ ይፈቅዳልና። ወራሽም ርስትም የሚወጡት ከአንዱ የግእዝ ግሥ፣ ከ«ወረሰ» ነው።