የአእምሮ ሕመም፣ የወንጀል ተጠያቂነትና የኅብረተሰቡ ጥንቃቄ

አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ የሰው ሕይወት ሲያጠፋ፣ አካል ሲያጎድል ወይም ንብረት ሲያወድም በአካባቢው ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንደኛው «ይህ ሰው በሕግ ይቀጣል ወይ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ከእንግዲህ ማን ይጠብቀናል?» የሚል ነው። በአሶሳ ከተማም ሆነ በመተከልና በካማሺ ዞኖች የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ወገኖች ለእነዚህ ጥያቄዎች ተገቢውን መልስ ማወቃቸው ከሁለት ጥፋት ያድናል። በአንድ በኩል በሕመምተኛውና በቤተሰቡ ላይ ከሚፈጸም የበቀል እርምጃ፣ በሌላ በኩል የአደጋ ምልክት እየታየ በዝምታ ከማለፍ ይጠብቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ጉዳዩን ከአንቀጽ 48 ጀምሮ ይደነግጋል። በዚህ አንቀጽ መሠረት በወንጀል የሚቀጣው ለድርጊቱ ኃላፊ የሆነ ሰው ብቻ ነው። በሕመም፣ በአእምሮ ዕድገት መዘግየት ወይም በመሰል ምክንያት የድርጊቱን ምንነትና ውጤት መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ቢረዳም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ኃላፊ አይሆንም።

እዚህ ላይ ሁለት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው፣ የሚመረመረው ሰውየው ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የነበረበት ሁኔታ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሕመም መኖሩ ብቻውን ከኃላፊነት ነጻ የማያደርግ መሆኑ ነው። ሕመሙ የማስተዋል ወይም ራስን የመግዛት ችሎታን ማሳጣት አለበት። ችሎታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ተዳክሞ ከሆነ አንቀጽ 49 ተፈጻሚ ይሆናል፤ ተከሳሹ ጥፋተኛ ቢባልም ሙሉው ቅጣት አይፈጸምበትም።

መጠጥን ወይም አደንዛዥ ዕፅን መሸሸጊያ ማድረግም አይቻልም። ወንጀል ለመፈጸም አስቦ ሆን ብሎ የሰከረ ሰው «አእምሮዬን ስቼ ነበር» በማለት ነጻ እንደማይወጣ አንቀጽ 50 ይደነግጋል።

ውሳኔው የማን ነው?

የተከሳሹ የአእምሮ ሁኔታ ሲያጠራጥር፣ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 51 መሠረት የባለሙያ ምርመራ ያዛል። የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት የሚታይበት ተከሳሽም ይመረመራል። ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ በሀገራችን ረጅም ልምድ ያለው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ የሕመሙን ሁኔታ ያስረዳል፤ ተከሳሹ በሕግ ኃላፊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ግን ዳኛው ነው።

ኃላፊ አይደለም የተባለ ሰው እንዲሁ ወደ መንደሩ ይለቀቃል የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። ለሕዝብ ደኅንነት አስጊ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተስማሚ በሆነ ተቋም ተጠብቆ እንዲቆይ ያዛል። አስጊ ካልሆነ ደግሞ በክትትል ሥር ሆኖ እንዲታከም ሊያዝ ይችላል። እነዚህ እርምጃዎች አስቀድሞ የተወሰነ የጊዜ ገደብ የላቸውም፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ በየሁለት ዓመቱ ውሳኔውን እንደገና ይመረምራል።

አንድ ድርጊት፣ ሁለት ውሳኔ

የጉዳዩን ክብደት ከሚያሳዩት ሁነቶች አንዱ የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. የተፈጸመው የአውሮፕላን ጠለፋ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሮምና ሚላኖ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 702 ከ200 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር። ዋና አብራሪው ከክፍሉ ሲወጣ ረዳት አብራሪው በሩን ቆልፎ አውሮፕላኑን ጄኔቫ አሳረፈ። በተሳፋሪዎች ላይ ጉዳት አልደረሰም።

ስዊዘርላንድ ተጠርጣሪውን አሳልፋ ባለመስጠቷ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2007 ዓ.ም. በሌለበት የ19 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደበት። የስዊዘርላንድ የፍትሕ አካላት በበኩላቸው ግለሰቡን አስመርምረው፣ በድርጊቱ ጊዜ በከባድ የአእምሮ ሕመም ውስጥ ስለነበረ በወንጀል ኃላፊ እንደማይሆን በመወሰን በ2008 ዓ.ም. ሕክምና እንዲሰጠው አዘዙ። ሐኪም በአካል ያልመረመረውን ሰው የአእምሮ ሁኔታ ማረጋገጥ አዳጋች ነው። ስለዚህም ተጠርጣሪው ሳይጎዳ ለፖሊስ መቅረቡና በወቅቱ መመርመሩ ለተበዳዩም ለፍትሑም ይጠቅማል።

ሕመሙና አደጋው

አብዛኞቹ የአእምሮ ሕመምተኞች በሌላ ሰው ላይ ጉዳት አያደርሱም። ይልቁንም እነርሱ ራሳቸው ለድብደባ፣ ለዘረፋና ለመደፈር ይጋለጣሉ። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ሕመምተኞቹ ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል።

አደጋው የሚጨምረው ሕመሙ ሳይታከም ሲቆይ፣ መድኃኒት ሲቋረጥ፣ መጠጥ ወይም ዕፅ ሲታከልበት እንዲሁም የጦር መሣሪያ በቅርብ ሲገኝ ነው። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ መዘግየት አይገባም፦

- ለተከታታይ ቀናት እንቅልፍ ማጣትና መቅበዝበዝ፤
- «ሊገድሉኝ ነው» ወይም «መርዘውኛል» በማለት የተወሰነ ሰውን አጥብቆ መጠርጠር፤
- «ግደል» የሚል ትእዛዝ እንደሚሰማ መናገር፤
- መዛት፣ ስለት ወይም መሣሪያ ይዞ መዞር፤
- ራስን ስለማጥፋት መናገር።

ቤተሰብና ጎረቤት ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ ጠመንጃን፣ ገጀራን፣ መጥረቢያንና የእርሻ ፀረ ተባይ መድኃኒትን ከሕመምተኛው ማራቅ፤ ሕፃናትንና የሚጠረጥራቸውን ሰዎች ከአጠገቡ ዞር ማድረግ። ከእርሱ ጋር አለመከራከር፣ አለመሳቅ፣ አለመክበብ። የሚያምነው አንድ ሰው በረጋ ድምፅ ያነጋግረው። አደጋው የቀረበ ከሆነ ለቀበሌው አስተዳደርና ለፖሊስ ሲነገር፣ ሰውየው ሕመምተኛ መሆኑ አብሮ ሊገለጽ ይገባል።

በሰንሰለት ማሰር ሕመሙን አያድንም፤ ቁስልንና ቂምን ያተርፋል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቤተሰቦች የሚያስሩት በጭካኔ ሳይሆን ሕክምና በማጣትና ሕመምተኛውንም ሌላውንም ከጉዳት ለመጠበቅ ሲሉ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው መፍትሔ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ነው። ጠበል ወይም የሃይማኖት አባቶችና ሼሆች ጸሎት የሚሹ ቤተሰቦችም መድኃኒቱን ሳያስቋርጡ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ።

የሕክምና ካርድንና የመድኃኒት ማዘዣን ጠብቆ ማቆየትም ይመከራል። ሕመምተኛው በወንጀል ቢከሰስ በጊዜው ስለነበረበት ሁኔታ ማስረጃ ይሆናሉ።

በሬ ሲሸጥና መሬት ሲከራይ

ጉዳዩ በወንጀል ብቻ አይወሰንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ባለው የገጠር አካባቢ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩ ሰዎች በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቁትንና እንቅስቃሴውን የሚወስኑበትን ሰው የአእምሮ ሕመሙ በግልጽ የታወቀ አድርጎ ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለ ሰው የፈጸመው ውል እንዲፈርስ ራሱ፣ ወኪሉ ወይም ወራሾቹ መጠየቅ ይችላሉ። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነት ሰው በሬ የሚገዛ ወይም መሬት የሚከራይ ሰው አስቀድሞ ከቤተሰቡ ጋር ሊነጋገር ይገባዋል።