የፊደላችን ቍጥር
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የፊደላችን ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የድንጋይ ጽሕፈትና የብራና መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ፊደሉ ከብራና ወደ ማተሚያ፥ ከማተሚያም ወደ ጽሕፈት መኪናና ወደ ኮምፒዩተር ያደረገው ጕዞ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ንግግራችን ይህንኑ በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ፥ ማለት መዝሙረ ዳዊት፥ በሮማ ከተማ የታተመው በ1513 ዓ.ም. ነው። በማተሚያ ቤት ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ የብረት ቅርጽ ስለሚዘጋጅለት፥ ሀም ሁም መልካቸው ሳይጓደል ወረቀት ላይ ያርፋሉ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በኢንጂነር አያና ብሩ ድካም ሲጀመር ግን ሌላ ችግር መጣ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነቋና እነጓ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ይህን ሁሉ ጥቂት ቍልፎች ሊይዙት ስለማይችሉ፥ የፊደሉን ግንድ ከካዕቡና ከኃምሱ ምልክት ለይቶ፥ ደጋግሞ እየመቱ ማገጣጠም ግድ ሆነ። በዚህም መሥሪያ ቤቶች እጅግ ተጠቀሙ፤ የፊደሉ መልክ ግን ተጐዳ።

ኮምፒዩተር ደግሞ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥርን ብቻ ነው። በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው ደንብ 128 ስፍራ ብቻ የነበረው ሲሆን፥ የተደለደለውም ለእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት የአማርኛ ፕሮግራም ያዘጋጁ ባለሙያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ስፍራ ላይ ማስቀመጥ ነበረባቸው። አደላደላቸውም የተለያየ ስለ ነበረ፥ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። አንዱ መሥሪያ ቤት የጻፈውን ሌላው ማንበብ ካልቻለ፥ የጽሕፈት ጥቅሙ ምንድን ነው?

የዓለምን ፊደላት በአንድ መዝገብ ለመያዝ የታሰበው ዩኒኮድ በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ የእኛን ፊደል አልያዘም ነበር። ፊደላችን የገባው በ1999 ዓ.ም. በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው። ለሕንዱ ዴቫናጋሪ እንደ ተደረገው ግንዱንና ድምፁን ለያይቶ ቍጥር መስጠት ይቻል ነበር። ለእኛ ግን የተመረጠው ሌላ መንገድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ሙሉ ቍጥር ተሰጠው። ሀ 4608፥ ሁ 4609፥ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል። ለየቤቱ ቢያንስ ስምንት ስፍራ ስለ ተመደበ ለ 4616 ሆነ። ተራውም ልጅ ከየኔታ ዘንድ እንደሚቈጥረው ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ ነው። የጽሕፈት መኪና የቈራረጠው ፊደል በዚህ መዝገብ እንደገና ሙሉ ሆነ። በኋላም በ2005፥ በ2010 እና በ2021 ዓ.ም. ለሰባት ቤት ጉራጌ፥ ለብሊን፥ ለጉሙዝና ለሌሎችም ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ፊደላት ተጨምረዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ክብር ግዴታም አመጣ። ሀሌታው ሀ 4608፥ ሐመሩ ሐ 4624፥ ብዙኃኑ ኀ 4736 ነው። ለጆሮአችን አንድ ናቸው፤ ለመዝገቡ ግን ሦስት ናቸው። ኃይሉ የሚለው ስም በብዙኃኑ ኃ ሲጻፍ መጀመሪያው 4739 ነው፤ በሀሌታው ሃ ሲጻፍ ግን 4611 ይሆናል። መሣሪያው እነዚህን እንዲያመሳስል ካልተዘጋጀ በቀር ሁለቱን እንደ ሁለት ሰው ይቈጥራቸዋል። ባለጕዳዩም መዝገቡ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እያለ «ስምህ የለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ሁሉን አንድ ማድረግም ጕዳት አለው፤ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፥ ብቅ አለ ሲሆን፥ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው።

እንግዲህ የቀደሙት ሊቃውንት የፊደልን ዘር ጠብቀው ሲጽፉ የኖሩት ስለ ቋንቋው ክብር ነበር፤ ዛሬ ግን የዜጋው ጕዳይም በዚሁ ላይ ተመሥርቷል። ስምን በመዝገብ የሚያሰፍር ጸሓፊ ሁሉ ባለስሙ እንዴት እንደሚጽፈው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አንድ ጊዜ የተጻፈውንም በየቦታው ሳይለውጥ ይጻፍ።