ላሸቀ

ጋራዥ ገብቶ «ይሄ ብሎን ላሽቋል» ሲባል ያልሰማ የለም። ብዙ ሰው ግን ቃሉን ከ«ላላ» ጋር ይቀላቅለዋል። የላላ ብሎን ጥርሱ ደህና ነው፤ ሲያጠብቁት ይጠብቃል። የላሸቀው ቢያዞሩት ቢያዞሩት አይነክስም፤ ጥርሱ ተበልቷል። «ሥነ ምግባር ላሸቀ» ስንልም መያዣው ጠፋ ማለታችን ነው።

ብሎን በዋናነት የሚላሽቀው አጣመው ሲያስገቡት ወይም ከልክ በላይ ሲያጠብቁት ነው። ብሎኑ አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ ግን፣ አሉሚኒየም ከብረት ስለሚለሰልስ፣ ቀድሞ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ብሎኑ ሳይሆን የገባበት ቀዳዳ ነው፤ የካንዴላና የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ቀዳዳውን በጥርስ ማውጫ ማጽዳት ይበቃል። ጥርሱ ጨርሶ ከሄደ ግን ቀዳዳው ይሰፋል፣ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ከዚያም ሄሊኮይል የሚባል የማይዝግ ሽቦ ጥቅል ይገባበታል። ለተለመደው የ8 ሚሊሜትር ብሎን ቀዳዳው 8.3 ሚሊሜትር ገደማ ይደረጋል። ጥቅሉ ከቀዳዳው አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ያው የቀድሞው የብሎን ልክ ተመልሶ ይሠራል። በአሉሚኒየም ላይ በሥርዓት የተሠራ ጥገና ከፊተኛው ጥርስ ይበልጥ ሊጠነክር ይችላል።

ስለዚህ «ላሽቋል» ማለት «ይጣል» ማለት አይደለም። ክር ጠምጥሞ ማጥበቅ ግን ጉዳቱን መደበቅ እንጂ መጠገን አይደለም። የጎማ ብሎን ከላሸቀ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይቀየር፤ የሰው ሕይወት ተንጠልጥሎበታልና።