የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ውሳኔ በአዲስ አበባ

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ውሳኔ የሚባለው፣ በሽታው በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ጡት በሙሉ ይውጣ፣ እብጠቱ ብቻ ይውጣ፣ ወይስ መጀመሪያ ኬሞ ይሰጥ በሚለው ላይ ታካሚዋ ከሐኪሟ ጋር የምትደርስበት ስምምነት ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች በብዛት ቀዳሚው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የነበረው ዓለም አቀፍ ግምት በአገሪቱ በዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች እንደሚያዙ ያመለክታል። በቦሌም ሆነ በሌላው የከተማዋ ክፍል ውሳኔውን የሚያከብደው ቢላው ብቻ አይደለም። ከቢላው በኋላ የሚመጣው የጨረር ሕክምና ይበልጥ ያከብደዋል።

ስያሜ

የበሽታው ነባር የአማርኛ ስም ነቀርሳ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው ካንሰር ይላል። የስሙ ጉዳይ እንደ ቀላል ሊታለፍ አይገባም። ቲቢም በአማርኛ የሳንባ ነቀርሳ ይባላልና አንድ ቃል ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ በሽታዎችን ተሸክሟል። ቲቢ ይተላለፋል፣ በመድኃኒትም ይድናል። የጡት ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ሕክምናውም ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና የተሟላ አይሆንም። ስለዚህ “የጡት ነቀርሳ” የተባለች ሴት የምትበላበት ሳህን ለብቻው ቢደረግ፣ ወይም እሷ ራሷ “መድኃኒቱን ልውሰድ፣ መቆረጥ ለምን?” ብትል ከቃሉ የመጣ ግራ መጋባት ሊሆን ይችላል። ካንሰር የሚለው ቃል ደግሞ በብዙ ሰው ጆሮ የሞት መርዶ ነው። ቤተሰብ ይህን ፈርቶ “እብጠት ናት” ወይም “ዕጢ ናት” ይላታል፤ ሐኪሙም እንዲሁ እንዲል ይለመናል። ደግነቱ እውነተኛ ነው፤ ይሁንና የበሽታዋን ስም ያልሰማች ሴት ስለ ጡቷ ወሰነች ማለት አይቻልም።

ምርመራ

ምርመራው በእጅ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራም ይጀመርና በሽታው በናሙና ይረጋገጣል። ናሙና የሚመረመርበት የፓቶሎጂ ክፍል የሌለው ክሊኒክ ናሙናውን ለቤተሰብ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ያኔ እህት ወይም ልጅ ፎርማሊን ያለበትን ትንሽ ዕቃ በፌስታል ጠቅልላ ታክሲ ትሳፈራለች።

ሁለቱ ዓይነት ቀዶ ሕክምና

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ሃልስቴድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፋው ዘዴ ጡቱን ከደረት ጡንቻው ጭምር የሚያነሳ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. በርናርድ ፊሸር በአሜሪካ፣ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ በጣሊያን ጡትን በሙሉ ማውጣትን እብጠቱን ብቻ ከማውጣት ጋር ያነጻጸሩበትን የ20 ዓመት ክትትል ውጤት አወጡ፤ የፊሸር ጥናት ብቻ 1,851 ሴቶችን ያካተተ ነበር። እብጠቱ ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር የወሰዱ ሴቶች ጡታቸው በሙሉ ከወጣላቸው እኩል በሕይወት ቆይተዋል። “ጨረር የወሰዱ” የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል።

ጨረር እና ወረፋ

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተጀመረው የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ወረፋው ወራት ይዘልቅ ነበር። በኋላ አዳዲስ ማሽኖች ተተክለዋል፤ ጅማም የራሷን ማዕከል ከፍታለች። ጨረሩ በጊዜው እንደሚደርስ ዋስትና በሌለበት ጡትን ማቆየት አደጋ አለው። ብዙ ሐኪሞች ሙሉ ጡት ማውጣትን የሚመክሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሴቲቱ “መርጣ አወጣች” ተብሎ የሚጻፈው አንዳንዴ ማሽኑ የመረጠላት ነው።

ገርጂ አካባቢ በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የኮሪያ ሆስፒታል ጨምሮ በምሥራቅ አዲስ አበባ የግል ሆስፒታሎች አሉ፤ ገንዘብ ያላት ቀዶ ጥገናውን በቅርብ ልታገኝ ትችላለች። ጨረሩ ግን በአብዛኛው ወደ ጥቁር አንበሳ መሻገርን ይጠይቃል። በተለመደው አሰጣጥ በሳምንት 5 ቀን፣ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይወስዳል። ከአያት ሰፈር የተነሳች ሴት በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር በመገናኛ በኩል ለገሃር ትደርሳለች፤ ከዚያ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ በእግሯ ትወጣለች። የታከመው ቆዳ ይቆጣል፣ ድካሙም በየሳምንቱ ይጨምራል።

በሽታው ዘግይቶ መታወቁም ምርጫውን ያጠብበዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመና በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት የታካሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ዓመት፣ የእብጠቱም መጠን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ያደገ እብጠት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በኬሞ እንዲቀንስ ይደረጋል። ጡቱ በሙሉ ቢወጣም ጨረር ሊያስፈልግ ይችላል።

የሚፈርመው ማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ቀዶ ጥገናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያው ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። ልማዱ ግን እንደ ሕጉ የፈጠነ አይመስልም። ዛሬም የፈቃድ ወረቀቱ ሲመጣ እስክሪብቶው መጀመሪያ ለባል ወይም ለታላቅ ወንድም የሚዘረጋበት ጊዜ አለ። ወጪውን የሚሸፍነው እሱ ከሆነ “እሱ ይወቅ” ማለት ይቀናታል። ወንዱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚፈርመው እየፈራ ነው። ቢሆንም አካሉ የእሷ ነው፤ አቅሟና አእምሮዋ እስካለ ድረስ ፈቃዱም የእሷ ነው።

ጸበል

እንጦጦ ማርያምን ወደመሳሰሉ የጸበል ቦታዎች የሚሄዱ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። “ቢላ ከነካው ይሰራጫል” የሚለው ስጋትም አብሮ ይሰማል፤ ቀዶ ጥገና በራሱ ካንሰሩን እንደሚያሰራጭ የሚያሳይ በቂ የሕክምና ማስረጃ ግን የለም። ጸበሉና ሕክምናው ጎን ለጎን ሲሄዱ እምብዛም ችግር የለም። ጉዳቱ የሚመጣው ቀጠሮው ሲተላለፍ ነው፤ እብጠቱ አይጠብቅም።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ጡትን መልሶ መሥራት ጥቂቶች ብቻ የሚያገኙት ሕክምና ነው። አብዛኞቹ ጡት መያዣቸው ውስጥ ጥጥ ሰፍተው ይጠቀማሉ። ጥጥ ቀላል ስለሆነ በዚያ ወገን ጡት መያዣው ወደ ላይ ይሸሻል፤ ስለዚህ ከሥሩ ትንሽ ክብደት ያለው ነገር ይጨመርበታል፣ ነጠላም በዚያው ትከሻ ላይ ደረብ ይደረጋል።